ትንሽ በጀት፣ ትልቅ ጭራቅ

በ2024 የኦስካር ምሽት አራት ጃፓናውያን ወደ መድረክ ሲወጡ ጫማቸው ዓይን ሳበ። ተረከዙ የጎድዚላን ጥፍር ይመስላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተሸለሙት «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» በተባለው ፊልማቸው ነው። ዘርፉ ቪዥዋል ኢፌክት ነው። ካሜራው ፊት ያልነበረውን ነገር እንደነበረ አድርጎ የማሳየት ሙያ ማለት ነው።

ይህ ሽልማት ባብዛኛው የሚሄደው ብዙ ገንዘብ ለፈሰሰባቸው የሆሊውድ ፊልሞች ነው። የጃፓኖቹ ፊልም ግን የፈጀው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው። አብረው ከታጩት አንዱ፣ የማርቭል «ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ» ሦስተኛ ክፍል፣ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም። በ2016 «ኤክስ ማኪና» የተባለ፣ እሱም በ15 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ የተሠራ ፊልም፣ የዚያን ጊዜውን አዲስ «ስታር ዋርስ» አሸንፎ ይህንኑ ሽልማት ወስዷል።

የጎድዚላው ዜና ሲወጣ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ተናገረ። «ፊልም ድሮ ቀረ፤ የአሁኑ ኮምፒውተር ብቻ ነው።» ስሜቱ ይገባኛል። ግን ማስረጃው አይደግፈውም። የማይነስ ዋን ጎድዚላም እኮ የኮምፒውተር ሥራ ነው። የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው እዚያ ውስጥ የለም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ገንዘብ ሲያንስ ፊልም ሠሪው ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ለመወሰን ይገደዳል። ገንዘብ ሲበዛ ያ ውሳኔ ለነገ ይተላለፋል። የድሮዎቹን የሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች ከዛሬዎቹ ውድ ፊልሞች ጋር ሳስተያይ ደጋግሜ የማገኘው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ መጀመሪያው ጎድዚላ እንሂድ።

ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ ቢኪኒ በተባለው የፓስፊክ ደሴት ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። በአካባቢው ቱና ታጠምድ በነበረች አንዲት የጃፓን ጀልባ ላይ ጨረር ያዘለ አመድ ዘነበ። የጀልባዋ 23 ሠራተኞች በሙሉ ታመሙ። የሬዲዮ ኦፕሬተሩ መስከረም ላይ ሞተ። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከተመቱ ገና 9 ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 ቀን ቶሆ የተባለው የፊልም ኩባንያ «ጎጂራ»ን አወጣ፤ ጎድዚላ በጃፓንኛ ስሙ ይህ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ባሕር ላይ ባለች መርከብ ነው። ድንገት ብርሃን ይፈነዳል፣ መርከቧ ትቃጠላለች። ሲኒማ ቤት ለተቀመጠው ጃፓናዊ ስለ ምን እንደሚወራ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር።

የኢፌክቱን ሥራ የያዘው ኤጂ ትሱቡራያ ነው። ሰውየው የ1933ቱን «ኪንግ ኮንግ» አይቶ የተማረከ ነበር። እንደ ኮንግ አሻንጉሊቱን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሰ፣ ፎቶ በፎቶ መቅረጽ ነበር ምኞቱ። ሲሰላ ግን ሥራው ሰባት ዓመት ይፈጃል። የተሰጠው ጊዜ ደግሞ ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ ለሰው የጭራቅ ልብስ ማልበስ የግድ ሆነ። ሀሩዎ ናካጂማ የሚባል ተዋናይ 100 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ልብስ ውስጥ ገባና፣ በመብራት ሙቀት እየተጠበሰ፣ በትንሿ ቶኪዮ ላይ ተራመደ።

ከዚያ በኋላ የተወሰነው ሁሉ ከዚህ ችግር የመነጨ ነው። ሰው ልብስ ለብሶ ሲራመድ ሰው ይመስላል። ስለዚህ ካሜራውን ከተለመደው በላይ በፍጥነት አስሮጡት። ፊልሙ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ እርምጃው ዘገየ፣ ከበደ። ካሜራውን ዝቅ አድርገው ከታች ወደ ላይ አሳዩት። ቶኪዮን የሚያጠፋው በሌሊት ነው፤ ጨለማው የልብሱን ጉድለት ሸፈነ። ለድምፁ የእንስሳት ጩኸት ሞክረው አልሆነላቸውም። የሙዚቃው ደራሲ አኪራ ኢፉኩቤ ሙጫ የተቀባ የቆዳ ጓንት አድርጎ የኮንትራባስ (የትልቁ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) ክር ሞረደ። ያን ድምፅ ዛሬም ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ለእኔ ግን የፊልሙ ትልቁ ቦታ ጭራቁ የሌለበት ነው። ከጥቃቱ በኋላ ሆስፒታሉ በቁስለኛ ተጨናንቋል። አንድ ባለሙያ የጨረር መለኪያ ወደ አንድ ሕፃን ያስጠጋል። መሣሪያው ይንጫጫል። ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። በቃ። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ሰዎች፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን። ከፊልሙ ሁሉ ምናልባት ትንሹ ገንዘብ የወጣው እዚህ ላይ ነው። የሚያስፈራው ግን ይኸው ነው። ጭራቁ ምን እንደሆነ የሚነግረንም ይኸው ነው።

44 ዓመት ቆይቶ ሆሊውድ 130 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ የራሱን ጎድዚላ ሠራ። ኒውዮርክ ላይ የሚርመሰመስ፣ እንሽላሊት የመሰለ፣ ሚሳይል ሲተኮስበት ሮጦ የሚደበቅ ፍጡር። ቴክኒኩ ለ1998 ጥሩ ነበር። የጎደለው ሌላ ነው። ይህ ፍጡር ምንድን ነው? ከየትስ መጣ? ፊልሙ ጥፋቱን የፈረንሳይ የኒውክሌር ሙከራ ላይ ጥሎ ያልፋል። የአሜሪካው ቦምብ ከታሪኩ ወጣ። የጭራቁ ክብደትም አብሮት ወጣ። ጃፓኖቹ ይህን አልረሱም። በ2004 ባወጡት ፊልም ያንኑ እንሽላሊት ሲድኒ ድረስ አምጥተው በራሳቸው ጎድዚላ በአፍታ አስደመሰሱት።

የ2014ቱ የአሜሪካ ሙከራ በጣም የተሻለ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከርዕሳችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ዳይሬክተሩ ጋሬዝ ኤድዋርድስ ከዚያ በፊት የሠራው ረጅም የሲኒማ ፊልም አንድ ነበር፤ የ2010ሩ «ሞንስተርስ»። ከ500 ሺህ ዶላር በታች ነው የፈጀው። በማዕከላዊ አሜሪካ መንገዶች ላይ በመኪና እየዞሩ፣ ጥቂት ሰዎች ሆነው ቀረጹት። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው አስተወኑ። ኢፌክቱን ኤድዋርድስ ራሱ ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተሩ ሠራ። ከዚያ 160 ሚሊዮን ዶላር ሰጡት። ቁጥብነቱን ግን ይዞት ሄደ። በሁለት ሰዓቱ ፊልም ውስጥ ጎድዚላ የሚታየው 8 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። አንዳንድ ተመልካች ተናደደ። እኔ ልክ ነበር እላለሁ። ደካማ የሆኑበት ሰዎቹ ናቸው፤ ጭራቁ በሌለበት ሰዓት የምንከተለው ወታደር ልብ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ትልቅ በጀት ለምን ውሳኔን ያዘገያል?

ሲኒማ ቤቶች ከትኬት ገቢው ግማሽ ገደማውን ይወስዳሉ። የማስታወቂያ ወጪ በጀት ተብሎ በሚነገረው ቁጥር ውስጥ የለም። ስለዚህ 200 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም እንዳይከስር ቢያንስ 400፣ 500 ሚሊዮን ማስገባት አለበት። ይህን ያህል ገንዘብ ከአንድ አገር ተመልካች አይገኝም። ፊልሙ ለሎስ አንጀለሱም፣ ለሻንጋዩም፣ ለሜክሲኮ ሲቲውም እኩል መግባት አለበት። ማንንም ማስቀየም የለበትም። ስለዚህ የሚመረጠው ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው ስም ነው፤ ክፍል 4፣ ክፍል 7። ድሮ ደግሞ ሲኒማ ቤት ያልተሳካለት ፊልም በዲቪዲ ሽያጭ ይካካስ ነበር። ዲቪዲ ሲሞት ያ መጠባበቂያ ጠፋ። መካከለኛ በጀት የሚባለው ፊልምም አብሮ ሳሳ።

ከዚህ የሚብስ ሌላ ነገር አለ። የትልልቆቹ ፊልሞች የመውጫ ቀን አንዳንዴ ታሪኩ ተጽፎ ሳያልቅ ይታወጃል። ቀኑ አይነቃነቅም። ስለዚህ ድርሰቱ ሳይበስል ቀረጻ ይጀመራል። ተዋናዩ በኋላ በኮምፒውተር ምስል የሚተካ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ ፊት ቆሞ ምን እንደሚያይ በግምት ይጫወታል። ሰማዩ ምን ይመስላል? ጭራቁ በየት በኩል ይመጣል? ብርሃኑ ከየት ነው? ይህ ሁሉ «በኋላ ይስተካከላል» ይባላል። የፊልም ሥራ ላይ የነበረ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር በደንብ ያውቃታል። እኛም አገር ቀረጻ ቦታ ላይ ስንት ጊዜ ትባላለች፤ «ኤዲቲንግ ላይ እናየዋለን»።

በኋላ የሚያስተካክለው ማነው? ቫንኩቨር፣ ለንደን፣ ሞንትሪያል፣ ሙምባይ ያሉ የኢፌክት ድርጅቶች ናቸው። ሥራውን በጨረታ፣ ባብዛኛውም በቁርጥ ዋጋ ይወስዱታል። ዳይሬክተሩ ወይም ስቱዲዮው ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ሥራው ይደገማል፤ ዋጋው ግን ያው ነው። በ1977ቱ የመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» ውስጥ የነበሩት የኢፌክት ሾቶች (ሳይቋረጡ የሚታዩ ቁራጭ ምስሎች) 360 ገደማ ናቸው። በ2019ኙ «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ወደ 2,500 ደርሰዋል። ይህ ሁሉ ሾት በአንድ ሰው ዓይን አይታይም። ለብዙ ድርጅቶች ይከፋፈላል፣ ሌሊት ይሠራል፣ በመጨረሻው ሳምንት ይቀየራል።

የሰዎቹ ነገር ያሳዝነኛል። በ2013 ሪዝም ኤንድ ሂውስ የተባለው የኢፌክት ድርጅት «ላይፍ ኦፍ ፓይ» ለተባለው ፊልም በሠራው ነብር ኦስካር አስገኘ። ሽልማቱ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ድርጅቱ ለኪሳራ አመልክቶ ነበር። ሥራቸውን ያጡ ባለሙያዎች በሽልማቱ ምሽት ውጭ ቆመው ተቃውሞ አሰሙ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2023፣ የማርቭል የኢፌክት ሠራተኞች በሙሉ ድምፅ የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት ወሰኑ። አንድ ፊልም ላይ ኢፌክቱ ቀፎ ቀፎ ሲሸተን ባለሙያው ሰንፎ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔው ዘግይቶ ስለደረሰው ነው።

ልጅ ሳለሁ «ተርሚኔተር»ን ያየሁት ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ አንድ ቴሌቪዥን። እኛ ሰፈር ሁሉም ዋና ተዋናይ «አክተሩ» ነበር የሚባለው። አክተሩ አይሞትም። የዚህ ፊልም ነገር ግን ግራ አጋባን። አርኖልድን የምናውቀው አክተር ሆኖ ነው። እዚህ ላይ ግን የሚያሳድደው እሱ ነው፤ አክተሩ ማን እንደሆነ እስክንለይ ድረስ ብዙ ተከራከርን። ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስሄድ ከኋላዬ የሰው ኮቴ ስሰማ መሮጤን አስታውሳለሁ።

ፊልሙ በ1984 በ6.4 ሚሊዮን ዶላር ነው የተሠራው። ጄምስ ካሜሮን ያን ጊዜ ማንም የማያውቀው ወጣት ነበር። ድርሰቱን ለፕሮዲዩሰሯ ለጌል አን ኸርድ በ1 ዶላር ሸጠላት፤ ቅድመ ሁኔታው እሱ ዳይሬክት እንዲያደርገው ነው። ታሪኩን እዩት። ከወደፊቱ ዘመን የመጣ የማሽን ጦርነት ነው። ያን ዘመን በሙሉ ለማሳየት ገንዘብ የለም። ስለዚህ ማሽኑ ወደ እኛ ዘመን መጣ። የሎስ አንጀለስ ጎዳና፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ርካሽ ሆቴል፣ የምሽት ጭፈራ ቤት። ማሽኑም የሰው ቆዳ ለበሰ፤ ለአብዛኛው ፊልም አንድ ግዙፍ ሰው ይበቃል። የወደፊቱን ጦርነት የምናየው ለጥቂት ደቂቃ፣ በአነስተኛ ሞዴል ነው። ያችው ትበቃለች፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ ያለው እኛው መንገድ ላይ ነው።

በቅርቡ ከእህቴ ልጅ ጋር ደግሜ አየሁት። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። መጨረሻ አካባቢ የብረት አጽሙ እየተንቀጠቀጠ ሲራመድ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ አሻንጉሊትነቱ ያስታውቃል። ትንሽ ቆይቶ የምትሳደደው ሳራ ኮነር በቆሰለ እግር በፋብሪካው መጭመቂያ ውስጥ ስትሳብ፣ የብረት እጁም ቁርጭምጭሚቷን ሊይዝ ሲዘረጋ፣ ዝም አለ። እጁን አፉ ላይ አደረገ። ኢፌክቱ አርጅቷል። ሁኔታው አላረጀም። ሳራ የት እንዳለች፣ መውጫው የት እንደሆነ፣ ምን ያህል ርቀት እንደቀራት ልጁ በደንብ ያውቃል። ይህ የኮምፒውተር ጉዳይ አይደለም። ካሜሮን ያንን ክፍል ሳይቀርጸው በፊት በጭንቅላቱ ሠርቶ ጨርሶት ነበር።

ይኸው ሰው ግን በ1991 ሁለተኛውን ክፍል በ100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሠራው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ገንዘብ ለፊልም ወጥቶ አያውቅም ነበር። ያ ፊልም ድንቅ ነው። ስለዚህ ገንዘብ በራሱ ጥፋተኛ አይደለም። ሁሉም የሚያስታውሰው የሜርኩሪ ሰውዬ በኮምፒውተር የተሠራው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ቀሪውን ተዋናዩ ሮበርት ፓትሪክ በፊቱና በአሯሯጡ ሠራው፤ የስታን ዊንስተን ቡድን ደግሞ በአሻንጉሊትና በሜካፕ አገዘው። የኮምፒውተሩ ሥራ በጣም ውድና ቀርፋፋ ስለነበር የት ላይ እንደሚውል ተመርጦ ነው የዋለው። በ2019 የወጣው የተርሚኔተር ፊልም፣ «ዳርክ ፌት»፣ 185 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። እዚያ ውስጥ ማሽኖቹ የማይሠሩት ነገር የለም። ይሰነጠቃሉ፣ ለሁለት ይከፈላሉ። ፊልሙ ከሰረ። ማሽኑ ሁሉን ማድረግ ከቻለ የማመልጥበትን ቀዳዳ የት ልፈልግለት?

ሌላም ልጨምር። የ1979ኙ «ኤሊየን» የተሠራው በ11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ጭራቁ በጠቅላላው የሚታየው 4 ደቂቃ አካባቢ ነው። ልብሱን የለበሰው ቦላጂ ባዴጆ የተባለ ናይጄሪያዊ ነው። ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ፣ ሙያው ሥዕልና ግራፊክስ። ለንደን ከመድረሱ በፊት ከቤተሰቡ ጋር እኛው አገር ኢትዮጵያ ኖሯል። ለፊልሙ የመረጡት አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ አይተውት ነው። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሰው የማይመስል ሰው ይፈልግ ነበር። የባዴጆ እጅና እግር በጣም ረጅም ስለሆነ፣ ልብሱ ውስጥ ተራ ሰው አለ ብሎ የሚገምት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም አልሠራም። በ1992 በ39 ዓመቱ አረፈ። ስሙ ከዚህ በላይ መታወቅ ነበረበት።

ስኮት እዚያው ፊልም ላይ አንድ ቦታ የጠፈር መርከቡ በቂ ግዙፍ አልመስል አለው። ትልቅ ለመሥራት ገንዘብ የለም። የራሱን ልጆች በልካቸው የተሰፋ የጠፈር ልብስ አለበሳቸውና ከታች አስኬዳቸው። መርከቡ በአንድ ጊዜ አደገ። «ስታር ትሬክ» የተባለው የ1966ቱ ተከታታይ ድራማም እንዲሁ ነው። መርከቧን በየሳምንቱ ፕላኔት ላይ ማሳረፍ ውድ ሆነ። ስለዚህ ሰውን በብርሃን በትኖ ሌላ ቦታ የሚሰበስብ መሣሪያ ፈጠሩ። ዛሬ ያን ሐሳብ የማያውቅ የሳይንስ ልቦለድ አንባቢ የለም። በ1993 «ጁራሲክ ፓርክ» ውስጥ ዳይኖሰሩ ከመምጣቱ በፊት መኪናው ላይ ያለው ብርጭቆ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ያንን ያደረጉት ከዳሽቦርዱ ስር የጊታር ክር ወጥረው በመምታት ነው። በዚያ ፊልም ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት በድምሩ 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን የድሮውን ነገር እንዳለ እንዳንወድደው ማለት አለብኝ። እኛ የምናስታውሰው የተረፉትን ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጥቂት ገንዘብ የተሠሩ የጠፈርና የጭራቅ ፊልሞች ብዛት ለጉድ ነው። አብዛኞቹ አሰልቺ ናቸው። «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» የሚባለውን አይቶ የጨረሰ ሰው ድህነት በራሱ ጥበብ እንደማይወልድ ይመሰክራል። የገንዘብ ማጣት አስቀድሞ እንድታስብ ይገፋሃል እንጂ አያስብልህም።

ቁጥሩም ያሳስታል። የ1977ቱ «ስታር ዋርስ» የፈጀው 11 ሚሊዮን ዶላር በዛሬ ዋጋ ከ50 ሚሊዮን ይበልጣል። «ስታር ዋርስ»ና «ኤሊየን» ለማኝ ፊልሞች አልነበሩም። የ«ተርሚኔተር» 6.4 ሚሊዮንም ዛሬ 20 ሚሊዮን አካባቢ ነው።

አዲሱ ከአሮጌው የሚበልጥበት ጊዜም አለ። ታሪኩ በረሃ በሆነች ፕላኔት ላይ የሚካሄደው «ዱን» በ1984 በ40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ነበር። ለጊዜው በጣም ውድ ነው። አልተሳካም። በ2021 ዴኒ ቪልኔቭ በ165 ሚሊዮን ሲሠራው ስድስት ኦስካር ወሰደ። እዚህ ላይ በጣም የምወደው አንድ ነገር አለ። በብዙ ቦታ አረንጓዴና ሰማያዊ ጨርቁን ትተው የአሸዋ ቀለም ያለው ጨርቅ ተጠቀሙ። በረሃ ውስጥ ብርሃን ከአሸዋ ላይ ተንጸባርቆ ፊት ላይ ያርፋል። ያ ቀለም ከመጀመሪያው ተዋናዩ ፊት ላይ እንዲኖር ፈለጉ። ይህን ለማድረግ ዓለሙ ምን እንደሚመስል ቀረጻው ሳይጀመር ማወቅ ነበረባቸው። ገንዘቡ ብዙ ነበር፤ ውሳኔው ግን ቀደመ።

ማይነስ ዋን ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ በትንሽ ገንዘብ። የፊልሙን ድርሰት የጻፈው ታካሺ ያማዛኪ የተባለ ሰው ነው። ዳይሬክተሩም እሱ ነው። የኢፌክቱም ኃላፊ እሱ ነው። ዳይሬክተር ሆኖ የኢፌክት ኦስካር የወሰደ ሰው ከእሱ በፊት አንድ ብቻ ነበር፤ ስታንሊ ኩብሪክ። የፊልሙን 610 የኢፌክት ሾቶች የሠሩት 35 ባለሙያዎች ናቸው። ያማዛኪ ከእነሱ ጋር አንድ ቦታ ተቀምጦ ይሠራ ነበር። አንዱ ሾት ሲያልቅ ዞር ብሎ ያያል። ይህ ይቀየር፣ ይህ ይብቃ ይላል። ሆሊውድ ውስጥ ይህችው አስተያየት ስንት ኢሜይልና ስብሰባ አልፋ ነው ባለሙያው ጋ የምትደርሰው።

ከባለሙያዎቹ አንዱ፣ ታትሱጂ ኖጂማ የተባለ ወጣት፣ የውሃ ነገር ነፍሱ ነው። በኮምፒውተር ውሃ መሥራት ከባዱ ሥራ ነው። ማዕበሉ፣ አረፋው፣ የጀልባው ዱካ፣ ሁሉም በስሌት ነው። ያማዛኪ የልጁን ችሎታ ሲያይ የባሕሩን ትዕይንቶች አበዛቸው። የፊልሙ ምርጥ ክፍል እንጨት ጀልባ ላይ ያሉ አራት ሰዎች በጎድዚላ ሲሳደዱ ነው። ጀልባዋ ትንሽ ናት። ሰዎቹን እናውቃቸዋለን። ጭራቁ ከውሃው ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ይከተላል። በአጠገብህ ያለው ሰው ምን እንደሚችል ካወቅህ ታሪኩን በዚያ ልክ መስፋት ትችላለህ። 2,500 ሾት በዓለም ዙሪያ ለበተነ ፊልም ይህ አይታሰብም።

ታሪኩም ወደ 1954ቱ ቁስል ይመለሳል። ዋናው ሰው ከጦርነቱ በሕይወት መመለሱ የሚያሳፍረው ካሚካዜ (አውሮፕላኑን ጠላት ላይ ከስክሶ እንዲሞት የተላከ) አብራሪ ነው። የሚኖረው በፈራረሰች ቶኪዮ ውስጥ ነው። ጎድዚላ የሚመጣው ምንም ያልቀረው ሕዝብ ላይ ነው፤ ርዕሱም «ከዜሮ በታች» እንደማለት ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የዚህ ፊልም ርካሽነት ሁሉ ከብልሃት የመጣ አይደለም። የጃፓን ባለሙያ የሚከፈለው ከሆሊውዱ ያነሰ ነው። የሆሊውድ አለቆች ከዚህ የሚማሩት «ባለሙያውን በርካሽ ማሠራት ይቻላል» የሚለውን ከሆነ ያሳዝናል። 35ቱን ሰዎች ያገዛቸው አለቃቸው የሚፈልገውን ማወቁ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ለሾቱ ምንም አልጨመረለትም።

ለእኛ ፊልም ሠሪዎች ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። በ2015 «ክራምስ» የሚባል የሳይንስ ልቦለድ ፊልም በአማርኛ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቷል። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይጫወቱበታል። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ነው። ዓለም አልቃለች፤ ሰማይ ላይ አንዲት የሞተች የጠፈር መርከብ ተንጠልጥላለች፤ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅዱስ ቅርስ ይያዛል። ዳሎል ላይ ቀረጹ። ዳሎልን ለባዕድ ፕላኔትነት ለማብቃት ምን ኢፌክት ያስፈልጋል? ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ የሚፈላው ጨው እዚያው አለ። ካሜራውን የት እንደምታቆም ማወቅ ብቻ ነው። ፊልሙ እንግዳ ነው፣ ለሁሉም አይጥምም። ግን አንድም ሾት ላይ «ገንዘብ ስላልነበረን ነው» የሚል ይቅርታ አይሰማም። አገራችን ውስጥ ሳይንስ ልቦለድ መሥራት የሚመኙ ወጣቶች «መሣሪያ የለንም» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ይህ ፊልም ትዝ ይለኛል።

በኖቬምበር 2024 ቶሆ ያማዛኪ ሌላ ጎድዚላ እንደሚሠራ አስታውቋል። ኦስካር በእጁ ነው፣ ዓለም ስሙን ያውቀዋል። እኔ የምጓጓው የአዲሱን ጭራቅ ግዝፈት ለማየት አይደለም። በዚህኛውም ጊዜ ወንበሩን ከባለሙያዎቹ መሐል ያደርገው ይሆን?